«አላስታውስም» ያልኩበት ጠዋት

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ቆርቆሮዎች ላይ ሳያባራ በሚወርድበት አንድ ከሰዓት፣ ልጄ ሰሚራ ኮምፒውተሯን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ትነጫነጭ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት መምጣቷ ነው። ከጓደኛዋ ጋር ተካፍለው በሲ ቋንቋ የጻፉት ፕሮግራም አልገጥም ብሏት፣ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በስህተት መልእክት ተሞልቷል።

«እሷ ናት ያበላሸችው» አለችኝ ቀና ሳትል። «አታይም፣ ኡሚ? ሁሉም መስመር የሷን ፋይል ነው የሚጠራው።»

የበቆሎ እሸት እየፈለፈልኩ ነበር። እጄን ጠርጌ ከኋላዋ ቆምኩ።

«ከላይ ያለውን ብቻ እዪ» አልኳት። «የታቹን ተዪው። ከላይኛው የተወለደ ነው።»

ወደ ላይ ወጣች፣ አነበበች፣ ሴሚኮለን የምትባል አንዲት ምልክት ጨመረች። ያ ሁሉ ስህተት ሦስት ብቻ ቀረ። ዞር ብላ በአድናቆት አየችኝና «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለች።

«በሥራ የለመድኩት ነው» አልኳት።

ውሸቴን ነው። በሥራ አልለመድኩትም። ያስተማረችኝ አንጓች የምትባል የአርማጭሆ፣ የትክል ድንጋይ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ለአንጓች ምን እንደመለስኩላት ከራሷ በቀር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌም፣ ለእናቴም።

ያን ጊዜ እዚሁ ጎንደር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ሁለታችንም ኮምፒውተር እንማር ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ኮምፒውተር በየቤቱ ባልገባበት በዚያ ዘመን ለኔ አሮጌም ቢሆን አንድ ገዝቶልኛል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ጎበዟ እኔ ኸድጃ ነበርኩ። ጎበዝ መሆኔን አስተማሪው ያውቃል፣ ተማሪው ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ እኔ አውቃለሁ።

አንጓች ኮምፒውተር የነካችው ኮሌጅ ከገባች በኋላ ነው። በሁለት ጣት ነበር የምትጽፈው። ላብራቶሪ ተራ እስኪደርሳት ፕሮግራሙን በደብተር ላይ በእስክሪብቶ ትጽፍና፣ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ደጋግማ ታነበዋለች። ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። እንግሊዝኛ ስለሚከብዳት አንደኛ ዓመት ላይ ውጤቷ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ አንድ ትምህርት ላይ ብትወድቅ ትባረራለች። ይህን ከሷ ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። ቤታችን መጥታ ምሳ በልተን፣ በረንዳ ላይ ሽምብራ እሸት እየፈለቀቅን ስንጫወት ነው የነገረችኝ።

«ብባረር አባቴ ይሞታል» አለችኝ እየሳቀች። «ሀገሩን ሁሉ ልጄ መሐንዲስ ልትሆን ነው ብሎ ጨርሶታል።»

የዓመቱ አጋማሽ ሲደርስ መምህሩ ለሁለት ለሁለት መደበንና ፕሮጀክት ሰጠን። እኔና አንጓች አንድ ላይ ወጣን። ሥራችን የጤና ጣቢያ ካርድ የሚመዘግብና የሚፈልግ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። በአንድ ፋይል መጻፍ አይቻልም ተብለናል፤ እንደ መሥሪያ ቤት ሥራ በተለያዩ ፋይሎች ተከፍሎ በመጨረሻ መገጣጠም አለበት። እኔ ዋናውን ፋይልና ሄደሩን ያዝኩ። ሄደር ማለት በየፋይሉ ያሉት ሥራዎች ስም የሚዘረዘርበት ነው፤ አንዱ ፋይል የሌላውን ሥራ የሚጠራው እዚያ በተጻፈው ስም ነው። አንጓች ካርድ የሚፈልገውን ፋይል ያዘች። ሥራዋን «ሰርች ካርድ» ብለን ልንጠራው ተስማማን። ስሙን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው የምናቀርበው። ከተማው ገና ከበዓሉ አልተላቀቀም፤ ከቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ የቀሩ እንግዶች በየዘመድ ቤቱ ነበሩ፣ መንገዱ ላይ የተጣለ ሸንኮራ አገዳ ልጣጭ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ለማቅረብ አንድ ቀን ሲቀረን ላብራቶሪ ገብተን ፋይሎቹን ኮምፒውተሩ አንብቦ እንዲያገጣጥማቸው አንድ ላይ ኮምፓይል አደረግን። ስክሪኑ በስህተት ተጥለቀለቀ። ሠላሳ ይሆናል፣ አርባ ይሆናል፤ ሁሉም የአንጓችን ፋይል ስም ይጠራል።

«ምን ጽፈሽ ነው ያመጣሽው?» አልኳት ጮክ ብዬ። ሌሎቹ ተማሪዎች ዞሩ። «ፋይልሽን እዪው እንጂ! አንድ ቀን ቀርቶን ይህ ይመጣል?»

አልተቆጣችም። ወንበሯን ሳበችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደ ላይ፣ ወደ መጀመሪያው ስህተት ሄደች።

«ከላይ ያለውን ብቻ እንይ» አለች። «የታቹ ከላይኛው የተወለደ ነው።»

ቆይታ ቆይታ ሄደሩን አስከፈተችኝ። እኔ የጻፍኩት ስትራክቸር፣ የካርዱ መረጃ የሚሰደርበት ክፍል፣ መጨረሻው ላይ ሴሚኮለን አልነበረውም። ኮምፓይለሩ ሄደሩን አንብቦ ሳይጨርስ ወደሷ ፋይል ስለሚያልፍ፣ የኔን ጉድለት በሷ ላይ ይቆጥረው ነበር። ሴሚኮለኗ ስትገባ ሠላሳው ስህተት እንደ ጉም በነነ። አንድ ሌላ ቀረ፤ የካርድ ቁጥር የሚይዘውን ተለዋዋጭ ሄደሩ ላይ ስለፈጠርኩት ሁለቱም ፋይሎች የየራሳቸውን ይዘው መጥተው ሲገጣጠሙ ተጋጩ። እሱንም አገኘችው። በደብተሯ ላይ ከወራት በፊት የጻፈችውን ማስታወሻ ገልጣ «ኤክስተርን» የምትል፣ «ሌላ ቦታ አለ» እንደማለት የሆነች ቃል ከፊቱ አስገባችበት፣ ፍጥረቱንም ወደ ዋናው ፋይል አዛወረችው። ፕሮግራሙ ሠራ። ስም ጻፍን፣ ካርድ ፈለገ፣ አገኘ።

ከኋላችን ከተሰበሰቡት አንዱ «ዛሬ እንኳን ኸድጃ ተማረች» አለ። ሳቁ። አንጓችም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ደስ ብሏት እንጂ በኔ አልነበረም የሳቀችው። ይህን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ሆኖም ሥራችንን ገልብጬ ይዤ ሳልሰናበታት ወጣሁ።

ላብራቶሪው ውስጥ የሚቀር ፋይል ሁሉ ማታ ይጠረጋል። ስለዚህ ሥራችን ያለው የኔ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቤት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ፕሮግራሙን ማሳመር ጀመርኩ። ማሳመር የምለው የኔ እንዲመስል ማድረግ ነው። አሰላለፉን አስተካከልኩ፣ ከላይ ስሜን አስቀደምኩ። «ሰርች ካርድ» የሚለው ስም ደስ ስላላለኝ ዋናው ፋይልና ሄደሩ ላይ «ፋይንድ ካርድ» አልኩት። የአንጓችን ፋይል ግን አልነካሁትም። እስከዚህ ድረስ መርሳት ነው። ማንም ይረሳል።

ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፓይል አደረግኩት። አንድ መስመር ስህተት መጣ፤ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» ይላል። ስሙ ተጠርቷል፣ ባለቤቱ ግን የለም እንደማለት ነው። ወዲያው ገባኝ። የአንጓች ፋይል ውስጥ አንዲት ቃል መቀየር ብቻ ነበር የቀረኝ፤ የጫማ ማሰሪያ የማሰር ያህል ጊዜ አይፈጅም። እጄን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ አነሳሁት።

ምን እንዳሰብኩ በደንብ አውቃለሁ። መምህሩ ፊት ፕሮግራሙ እምቢ ይላል፤ አንጓች ትደናገጣለች፤ እኔ ተነስቼ በአንድ ቃል አስተካክለዋለሁ፤ ክፍሉም ማን ማንን እንደሚያስተምር ያያል። ይህን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ትንሽ ማፈር። ፍሎፒውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በብርዱ ወጣሁ።

መምህራችን ወጣት ነበር፤ ተማሪ ሲያፍር ማየት ያስደስተዋል። ሁላችንም እንፈራዋለን፤ እኔን ግን ይወደኛል። ፍሎፒውን ተቀብሎ ክፍሉ ሁሉ እያየ ኮምፓይል አደረገው። ስህተቱ መጣ።

«የፍለጋው ፋይል የማን ነው?»

አንጓች ተነሳች። «የኔ ነው፣ ቲቸር።»

«ስህተቱን አንብቢልን።»

በእንግሊዝኛ አነበበች። «ሪፈረንስ» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ተሰበረ። ከኋላ ሳቁ። ድጋሚ አንብቢ አላት፤ አነበበች። ሦስተኛ ጊዜ አስነበባት። አሁን ሳቁ ከፊትም መጣ።

«ሄደሩ ፋይንድ ካርድ ይላል። አንቺ ሰርች ካርድ ብለሽ ጽፈሻል። አርማጭሆ ውስጥ ሰው ስሙን እንደፈለገ ይለዋውጣል እንዴ?»

«ትናንት ስሙ ሰርች ካርድ ነበር፣ ቲቸር። ትናንት ሠርቷል። ይኸው።» ደብተሯን ከፈተች። ያሰመረችበትን አሳየችው።

መምህሩ ደብተሩን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ። «አያችሁ? በጽሑፍ ነው የተሳሳተችው። ማስረጃዋን ራሷ ይዛ መጣች።»

«ኸድጃን ይጠይቋት» አለች አንጓች። ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም። የሚያውቃትን ሰው ከሕዝብ መሀል ያገኘች ሰው ፊት ነው። «ኸድጃ ታውቃለች። አብረን ነው ስሙን ያወጣነው።»

መምህሩ ወደኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። «እኔ ነኝ የቀየርኩት» ለማለት አራት ቃል አይሞላም። ግን እንዲህ ካልኩ ትናንት የተሳሳትኩት እኔ፣ ዛሬም የተሳሳትኩት እኔ ልሆን ነው።

«አላስታውስም» አልኩ።

መምህሩ ማስተካከል እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ተነስቼ ሄድኩ፤ ፋይሏን ከፍቼ ቃሏን አጥፍቼ የኔን ጻፍኩበት። ፕሮግራሙ ሠራ። አጨበጨቡልኝ። የተስተካከለው ፋይል የሷ ስለነበር ጥፋቱም የሷ መሆኑ ተረጋገጠ። ለኔ ሙሉ ውጤት፣ ለሷ ዜሮ፤ እዚያው ቆማ ሳለች ጮክ ብሎ እየተናገረ ጻፈው።

ከክፍል ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ትዘልፈኛለች ብዬ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። እሷ ግን «ኸድጃ፣ ምነው?» ብቻ አለች። ምነው። እጄን የያዘችኝ መሰለኝ እንጂ አልነካችኝም። «ተራ ደርሶኛል» ብዬ አለፍኳት። ምን ተራ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ውጤት ሲለጠፍ ስሟ ከሚሰናበቱት ዝርዝር ውስጥ ነበር። አሁንም ጊዜ ነበረኝ። የመምህሩን በር ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ሁለቴም ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ሁለተኛው ቀን በሩ ክፍት ነበር።

አባቷ ሊወስዷት የመጡ ቀን ከግቢው በር ላይ አገኘኋቸው። ዞሬ ልመለስ ስል አዩኝ። ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ ሰው ናቸው፤ ኮንጎ ጫማቸው በመንገድ አቧራ ነጭ ሆኗል። የአንጓች ብረት ሳጥን መሬት ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ተንበርክካ ፍራሿን በገመድ ትጠፍራለች።

«አንቺ ነሽ ኸድጃ?» አሉኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «ስምሽንስ ከሰማሁት ቆየሁ። ልጄ ለበዓል በመጣች ቁጥር ኸድጃ እንዲህ አለች፣ ኸድጃ ቤት በላሁ ነው ወሬዋ። ሸጋ ልጅ ነሽ። እናትሽን አላህ ያቆይልሽ።»

አልነገረቻቸውም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልነገረቻቸውም።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ብጠይቃት አትነግረኝም። ላንቺ አይጠፋሽም፤ ልጄ ምን አጥፍታ ነው?»

የአንጓች እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። ቀና አላለችም። ግን እየሰማች ነበር፤ ትከሻዋ ይሰማ ነበር። ያችን ቅጽበት እኔ እንድናገር የሰጠችኝ ይመስለኛል።

«ትምህርቱ ከበዳት፣ አያ» አልኩ።

እጇ ገመዱን መሳብ ቀጠለ። አባቷ መንገዱን አዩ።

«እንግዲህ ጭንቅላቷ ይሆናላ» አሉ። «የናቷም ወገኖች እንዲሁ ናቸው። እኔ ነኝ ሞኙ፣ ሀገር ያስወራሁት።»

በትክል ድንጋይ በኩል የሚያልፈው የሳንጃው ማኪና መጣ። ረዳቱ ሳጥኑን ጣሪያ ላይ ሲጭን፣ ሽማግሌው ለመንገድ ያሉትን በኑግ የተለወሰ ቆሎ ከነከረጢቱ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ለኛ እቤት አለ» አሉ። «ለልጄ ስለዋልሽላት ነው።» አንጓች በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነበር። ማኪናው እስኪነሳ ድረስ ከኔ ወዲያ፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወንዝ ነበር የምታየው።

ቆሎውን ምን አደረግሽው የሚለኝ ካለ፣ በላሁት። እናቴ ከየት ነው ስትለኝ ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ አልኳት። ሸጋ ቆሎ ነበር።

ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ሦስት ዓመት አልፎ፣ በአንድ የገበያ ቀን ትክል ድንጋይ ወረድኩ። መኸሩ ገብቶ ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላው አገዳ ብቻውን ቆሟል፤ አህዮችና ሰዎች አንድ ላይ ወደ ገበያው ይተማሉ። ጠይቄ አገኘኋት። ኑግና ተልባ በመደብ ዘርግታ ትሸጣለች፤ ልጅ አዝላለች። ከስታለች። እንደ ድሮው ጠፍራ ያሰረችው ፀጉሯ ከፊት ለፊት ሳስቷል።

«መጣሽ?» አለችኝ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል። የምቀመጥበት ድንጋይ አሳየችኝ።

የምለውን ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼው ነበር፤ ሁሉንም ተናገርኩ። ጠዋት ስህተቱን አይቼ እንደተውኩት ሳይቀር። እሷ እየሰማችኝ ለሰው ኑግ ትሰፍራለች፤ ትቀበላለች፣ ትመርቃለች። ስጨርስ መስፈሪያውን አስቀመጠች።

«ጠዋት ማየትሽን አላውቅም ነበር» አለች። «ረስተሽ፣ ኋላ ፈርተሽ መስሎኝ ነበር። እሱን እንኳ ባትነግሪኝ ጥሩ ነበር።»

ስለ አባቷ ጠየቅኳት።

«ከዚያ ወዲህ ዕድር ላይ አልቀመጥ አለ። ሰው ይስቅብኛል ይላል። ሳይቀመጥ ሞተ።» ልጇን በጀርባዋ ላይ አስተካከለቻት። «እኔን ለሳንጃ ሰው ሰጡኝ። ይመታኝ ነበር። ተመለስኩ።»

«ኮሌጁ እሄዳለሁ» አልኳት። «ለመምህሩ እነግረዋለሁ። እጽፋለሁ። እንደገና...»

ሳቀች። አፏን አልሸፈነችም። «ዛሬ? ይህችን ልጅ ይዤ ሰርች ካርድ ልጽፍ?»

«እሺ፣ ይቅር በዪኝ» አልኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር።

አየችኝ። ጥላቻ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት በወደድኩ። ዕቃ የሚመዝን ሰው አስተያየት ነው።

«ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ቀሎሽ ትሄጃለሽ» አለች። «ማኪና ትይዣለሽ፣ ቤትሽ ትገቢያለሽ። እኔ እዚሁ ነኝ። አልልሽም፣ ኸድጃ። አሁን ተነሺልኝ፣ ገበያተኛ ሸፍነሽብኛል።»

ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ አይቻት አላውቅም። ወደ መተማ ወርዳለች ያሉኝ አሉ፤ አይ፣ እዚያው ናት ያሉኝም አሉ። ሄጄ አላጣራሁም።

ለዓመታት ጥፋቱን መምህሩ ላይ እጥለው ነበር። ያ ጨካኝ ባይሆን ኖሮ እል ነበር። እውነት ነው፣ ጨካኝ ነበር። ግን ጠይቆኛል። ክፍሉን ሁሉ ጸጥ አሰኝቶ፣ ሰው ሊጠይቅ እንደሚገባው «እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። አባቷም ጠይቀውኛል። ሁለት ጊዜ በሩ ተከፍቶልኝ ሁለት ጊዜ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንዳንድ ሰው ወጣትነት ነው ይላል። እኔ ግን ሃያ ዓመቴ ነበር፤ በሃያ ዓመቷ አንጓች ምን እንደነበረች ስላየሁ ይህን ማለት አልችልም።

ዝናቡ ሲያባራ ሰሚራ ኮምፒውተሯን ዘግታ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ብቻዬን ስቀር ሌላ ነገር ገረመኝ። መጀመሪያ ላይ፣ ከትክል ድንጋይ እንደተመለስኩ ሰሞን፣ ምግብ አይበላልኝም ነበር። ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ የማስታውሰው ሆነ። አሁን ልጄ ባትጠይቀኝ ኖሮ ክረምቱን ሙሉ ሳላስባት አሳልፍ ነበር። ሥራዬን እወዳለሁ፣ ቤቴ ሰላም ነው፣ በደንብ እበላለሁ፣ በደንብ እተኛለሁ። ይቅርታ ያላገኘ ሰው እረፍት የለውም ሲባል ስሰማ ዝም እላለሁ። አለው። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ።